ጨው እንኳ አበድራኝ አታውቅም

ጓሳ በር፣ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮናስ፤

ያለህበት አገር ሙቀት እንዳይጎዳህ፣ የአሠሪህም ልብ እንዳይጨክንብህ እመኛለሁ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ አትደውልልኝ። ባለፈው ስትደውል የጎረቤቴ ልጅ ሊዲያ አንስታ «ደህና ነው ወይ ይልሃል» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ «ገና ነው ወይ» ያልክ መስሎኝ «ገናማ ከወር በላይ ይቀረዋል» ብዬ መለስኩልህ። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር።

አባትህና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን፤ የማስቸግርህም በዚህ መብት ነው። እናቴን ይመኙሻልን አንተ አታውቃትም። እኔም አላውቃትም፤ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር። በጣልያን ጊዜ እዚህ ከተማ ዶሮ እያረባች ለጣልያን ካምፕ እንቁላል ታቀርብ ነበር። ከተማው በዚህ ምክንያት ባንዳ አላት፤ እኔም ሰባ ስድስት ዓመት የባንዳዋ ልጅ ተብዬ ኖርኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ግን ልትሞት ስትል «እናትህ ለአርበኞቹ ወሬ ታቀብል ነበር፤ የውስጥ አርበኛ ናት። የዓረቡ ልጅ ታውቃለች» አለችኝ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም።

አሁን የከተማችን መታሰቢያ ኮሚቴ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የአርበኞች ስም ዝርዝር ነው። የመጨረሻው «ለጠላት ያደሩ» ይላል። እናቴ እዚያ ውስጥ በተራ ቁጥር አራት ላይ ተጽፋለች። የኮሚቴውን ጸሐፊ ጌትነትን ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ጋሽ ዘሪሁን፣ በነጻነት ማግስት በ1934 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አንዷ የራሴ አያት ወይዘሮ ፅጌ ናት። የእነሱን ቃል የሚያፈርስ በሕይወት ያለ ምስክር ካለህ አምጣ። ከሌለህ አታድክመኝ።»

ያ ምስክር አንተ ያለህበት አገር ነው። በጣልያን ጊዜ እዚህ ሱቅ የነበረው የመናዊ ዓሊ ይባላል፤ ልጁ አሚና። ከኛ ሰፈር ዐረብ አገር ሄዳ የተመለሰችው ጣሂራ፣ ዶሃ ረያን በሚባለው ሰፈር በሠራችበት ቤት ጎረቤት አንዲት የየመን አሮጊት የኛን ከተማ አማርኛ ስትናገር ሰምታለች። ስሟም አሚና ዓሊ ነው። የልጅ ልጇ ጃዕፈር ሱቅ ዋቂፍ በሚባለው ገበያ ውስጥ ማር ይሸጣል። ሄደህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅልኝ፦ ይመኙሻልን ታውቂያታለሽ ወይ?

በተረፈ ለጆሮ ማዳመጫዬ የሚሆን ቁጥር 13 ባትሪ ብታገኝ ላክልኝ። እዚህ ያለው በሳምንቱ ይሞታል።

አጎትህ ዘሪሁን


ዶሃ፣ ጥር 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዘሪሁን፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። ሹግሌ፣ ማለቴ ሥራዬ፣ የአንድ ድርጅት በር ላይ ጥበቃ ነው፤ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እቆማለሁ። የምኖረው ሰናይያ ነው፤ ጋራዥና መጋዘን የበዛበት፣ ሠራተኛ የሚታጨቅበት ሰፈር። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ነን። ዕረፍቴ አርብ ብቻ ነው። የላኩኝን ነገር ለመፈጸም አራት አርብ ፈጅቶብኛል።

በመጀመሪያው አርብ ሱቁ ለጸሎት ተዘግቶ ደረስኩ። በሁለተኛው ጃዕፈር ማር ሊያመጣ ኦማን ሄዷል ተባልኩ። በሦስተኛው አገኘሁት፤ አራት ዓይነት ማር ካላስቀመሰኝ ሊያነጋግረኝ አልፈለገም። በአራተኛው ረያን ቤቱ ወሰደኝ። መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ ክፍል ወይዘሮ አሚና መጡ። ትንሽ ናቸው፤ ትራስ መሐል ሲቀመጡ ሊጠፉ ነው።

«የጓሳ በር ሰው ነህ?» አሉኝ በጥሩ አማርኛ።

«አዎ እማማ።»

«ድልድዩ ቆሟል?»

«የድሮውን ጎርፍ ወስዶት ሌላ ተሠርቷል።»

«ጎርፍ አይደለም! ጣልያን ሲሸሽ አፈረሰው። ማነው ጎርፍ ያለህ?»

ስለ ድልድዩ ግማሽ ሰዓት ገሠጹኝ። አማርኛ የማይሰማው ጃዕፈር «ኤሽ ትቁል? ምን ትላለች?» እያለ በየመሐሉ ይጠይቀኛል። በመጨረሻ የእናትዎን ስም አነሳሁ። አያውቋቸውም። ጊዜው ረጅም ነው ጋሼ፤ ያኔ እሳቸው ልጅ ነበሩ። አይዘኑ።

ባትሪውን ቀን ሥራ የማይበዛበት ጓደኛዬ ዑስማን ገዝቶልኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

ዮናስ


ጓሳ በር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለዮናስ፤

ጤና ይስጥልኝ፤ ባትሪው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ደብዳቤህ ግን አልገባኝም። ድልድዩን አሥራ ሁለት መስመር ጻፍክልኝ፤ ማሩን ሦስት መስመር። እናቴን «አያውቋቸውም» ብለህ በአንድ ቃል ዘጋኸኝ። ይህ ቃል ያንተ ነው ወይስ የሷ? ሠላሳ አንድ ዓመት የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። ምስክር «አላውቃትም» ካለ «አላውቃትም» ተብሎ ይጻፋል፤ አፍንጫውን ከነፋም «አፍንጫውን ነፋ» ተብሎ ይጻፋል። አንተ ስትጽፍ እጅህ ዞር እንዳለ ይታየኛል። አንድ ነገር ደብቀኸኛል።

እንደገና ሂድና ያለችውን ቃል በቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ቅር ይለዋል ብለህ ካሳጠርክልኝ ቅር የምሰኘው በማሳጠርህ ነው።

ዘሪሁን


ዶሃ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘሪሁን፤

እንደምን ከረሙ። መልሴ የዘገየው ረመዳን ስለነበርና ሰው ቤት መሄድ ስላልተመቸኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ከታች ያገኙታል።

ባለፈው አርብ ሄድኩ። የጠየቅሁትም እርስዎ እንዳሉት ነው፦ «እማማ፣ ይመኙሻልን ያውቋታል?» ከዚያ በፊት ስለ ዳቦ እየሳቁ ሲያወሩኝ ነበር። ስሙን ስጠራ ሳቃቸው ቆመ፤ ፊታቸው እንደ በር ተዘጋ። ያሉት ቃል በቃል ይኸው፦

«ይመኙሻል የጣልያን ዶሮ አርቢ ናት። በደጄ አልፋ አታውቅም። ጨው እንኳ አበድራኝ አታውቅም። እሳት ይብላት።»

በጥርም ያሉት ይህንኑ ነበር። ልጽፍልዎ እጄ እምቢ አለኝ። ባላጠፋም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዮናስ


ጓሳ በር፣ የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለዮናስ፤

ጤናህ እንዴት ነው። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ወሩ ነው።

ጌትነት ዘንድ ሄጄ «ምስክር የለኝም» አልኩት። «እኛም ይህንኑ ስንል ነበር ጋሽ ዘሪሁን» አለኝ። እዚያ አገር ነገር ሲያበቃ ኸላስ ትላላችሁ አሉ። ኸላስ።

ከእንግዲህ ወደ ሴትዮዋ አትሂድ። ዕረፍትህን ዕረፍበት። ባትሪም አያስፈልገኝም፤ የምሰማው ነገር የለም።

ዘሪሁን


ዶሃ፣ ግንቦት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘሪሁን፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አትሂድ ብለውኝ ሄጃለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይቆጡኝና ከዚያ ያንብቡት።

ጥፋቱ የኔ አይደለም። እማማ አሚና አርብ አርብ «ያ የድልድዩ ልጅ የት ሄደ?» እያሉ ጃዕፈርን አሰለቹት። ጃዕፈርም ደውሎ «ያላ፣ ና! እረፍት ነሳችኝ፤ ማር እሰጥሃለሁ» ይለኛል። አንድ ዓመት ያህል ተመላለስኩ። ክፍላችን ውስጥ ስድስት ሰው የማይጨርሰው ማር አለ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የእናትዎን ስም አምስት ጊዜ አነሳሁ። አንዴ በጨዋታ መሐል፣ አንዴ ምግብ እየበሉ፣ አንዴ ታመው በተኙበት። አምስቱንም ጊዜ ያው ቃል ነው ጋሼ። «ዶሮ አርቢ» ያሉበት ቦታ፣ «በደጄ» ያሉበት ቦታ፣ «እሳት ይብላት» ያሉበት ቦታ አይዛነፍም። ትናንት የበሉትን የማያስታውሱ ሴት ይህንን አንድ ፊደል አይስቱም።

እኔ ደግሞ የምሠራውን ያውቃሉ። ድርጅቱ በር ላይ ስቆም ሥራ አስኪያጁን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የምለውን አስጠንተውኛል፦ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስልክዎን ይተዉ። እናመሰግናለን።» ሰውዬው ከኋላዬ ቆሞ ሲጋራ እያጨሰ እንኳ እለዋለሁ። በቀን አርባ ጊዜ እለዋለሁ። አንድ ጊዜ የገዛ ጓደኛዬ ዑስማን «ምሳ በላህ?» ሲለኝ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብዬው ስቆብኛል። የተጠና ቃል ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እማማ አሚና ያሉት የተጠና ቃል ነው።

ሌላም አለ። አባታቸው ምን ይሸጡ ነበር? እንደነገሩኝ ጨውና ጋዝ፣ ሌላም እንዲሁ። ታድያ የጨው ነጋዴ ልጅ ከማን ጨው ትበደራለች? ይህንኑ አልኳቸው፦

«እማማ፣ ቤታችሁ ጨው በኩንታል ነበር አይደል?»

«በኩንታል! እስከ ጣራ!»

«ታድያ ይመኙሻል ጨው የምታበድራችሁ ለምንድነው?»

ጥፋት ላይ የተያዘች ተማሪ ይመስላሉ። ከዚያ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ፦ «ይመኙሻል የጣልያን ዶሮ አርቢ ናት…»

ያስጠናቸው አለ ጋሼ። ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። እርስዎ የመዝገብ ሰው ነዎት፤ ተቀምጦ ከማዘን መዝገብ ማየት አይሻልም?

ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ዮናስ


ጓሳ በር፣ ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮናስ፤

ክፉ አይንካህ። ተቆጥቼሃለሁ፤ ከዚያም አንብቤዋለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በሐምሌ ጌትነት ዘንድ ሄጄ የ1934ቱን መዝገብ አሳየኝ አልኩት።

«ምን ሊያደርግልህ?» አለ።

«ላነበው።»

«አያቴ ባንዳ ናት ብላለች፤ አለቀ። ምኑ ይነበባል?»

«ምን ብላ ባንዳ አለቻት? ቃሉን ነው የምፈልገው።»

«ሰውዬ፣ ሰባ አምስት ዓመት ያለፈበትን…»

«ጩኽ፤ አልሰማም።»

ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ፤ ቢሮው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወጣ። መዝገቡ መጋዘን ነው፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሰው ታሟል፣ ማመልከቻ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ቀኑ ስህተት ነው አለኝ። ደገምኩ። መስከረም ላይ መዝገቡን ሊያወጣልኝ ሲል በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ስብሰባ ቀረ፤ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ደግሞ መዝገብ አይወጣም። አዋጁ መጽሐፉንም ከማተሚያ ቤት አስቀርቶታልና አላማረርኩም። ባለፈው ሳምንት በመጨረሻ እፊቴ አስቀመጠውና እጁን አጣጥፎ ቆመ።

የወይዘሮ ፅጌ ቃል፦ «ይመኙሻል የጣልያን ዶሮ አርቢ ናት። በደጄ አልፋ አታውቅም። ጨው እንኳ አበድራኝ አታውቅም። እሳት ይብላት።»

ገለጥኩ። ሁለተኛው ምስክር በቀለ የሚባል ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ዘር ሳይተካ ሞቷል። የበቀለ ቃል፦ «ይመኙሻል የጣልያን ዶሮ አርቢ ናት። በደጄ አልፋ አታውቅም። ጨው እንኳ አበድራኝ አታውቅም። እሳት ይብላት።»

ዮናስ፣ በቀለ ወንድ ነው። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ጎረቤት ሄዶ ጨው ሲበደር ማን አይቷል? የዚያን ጊዜ መዝገብ ጸሐፊ ይህንን ጽፎ እንዴት ቀና ብሎ እንዳላየው አልገባኝም። እኔ ብሆን ብዕሬን አስቀምጬ «እንዴት ነው ነገሩ?» እል ነበር።

ሁለት ሰው እዚህ፣ አንዲት ልጅ እዚያ። «ታውቋታላችሁ ወይ» ብትባሉ እንዲህ በሉ ያለቻቸው አንድ ሰው ናት። ቃሉ ተናጋሪውን ከሷ ከማራቅ ሌላ ጥቅም የለውምና ያቺ እናቴ ናት። የገዛ ስሟን አሰድባ ነው የደበቀቻቸው። ከሳሾቿ ያልናቸው ሰዎች ባልደረቦቿ ናቸው።

ነጻነት ከመጣ በኋላ ለምን እንዳልተናገሩ አላውቅም። የምገምተው ግዝት ነው። የገዘተ ሰው ራሱ ካልፈታ ግዝት አይፈታም፤ እናቴ ደግሞ ጣልያን ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በተስቦ ሞታለች። የሞተ ሰው ግዝት በልጁ ይፈታል። ልጇ እኔ ነኝ።

ለጌትነት ይህን ብነግረው ሳቀ። «ልብ ወለድ ነው፤ በሕይወት ያለ ምስክር ይናገር፣ በወረቀት ይምጣ» አለ። እንግዲህ ከዚህ ጋር ለአሚና የጻፍኩት ብጣሽ ወረቀት አለ። ሂድና አንብብላት። የምትለውን ቃል በቃል ጻፍ፤ አስፈርማት።

ብጣሹም ይኸው፦ «ለወይዘሮ አሚና ዓሊ። እኔ ዘሪሁን፣ የይመኙሻል ልጅ ነኝ። ጣልያን ሄዷል። እናቴ አስምላሽ፣ ገዝታሽ ከሆነ እሷ ሞታለችና እኔ ልጇ በሷ ምትክ ፈትቼሻለሁ።»

ዘሪሁን


ዶሃ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘሪሁን፤

እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤዎ በሰው እጅ ዞሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ከዚያ ጎረቤት አገሮች ከኳታር ጋር ተጣልተው ድንበሩን ዘጉ። በሁለት ቀን ወተት ከሱቅ ጠፋ፤ የጃዕፈርም ማር ድንበር ላይ ቀረ። ሦስት አርብ ሄጄ ሦስቱንም «ዛሬ ሰው ማየት አልፈልግም» ብሎ መለሰኝ። በአራተኛው ተጣላሁት። «አንተ ማርህ ሦስት ሳምንት ቆየብህ፤ አጎቴ ሰባ ስድስት ዓመት ነው የጠበቀው» አልኩት። አየኝና በሩን ከፈተልኝ።

ለእማማ አሚና ወረቀቱን አነበብኩላቸው። «እንደገና» አሉ። አነበብኩ። «ልጅየው ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ። «ሰባ ዘጠኝ» አልኩ። ከዚያ በሕይወቴ ሰው እንዲህ ሲቆጣ አላየሁም፦

«ታድያ እስካሁን የት ነበር? ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ለማለት ምን ያዘው? እኔ እኮ አረጀሁ! ልረሳው እኮ ነበር!»

ጃዕፈር ደንግጦ «ኤሽ ትቁል? ኤሽ ትቁል?» ይላል። እኔ ወረቀት አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ቃል በቃል ይኸው፦

«ስምንት ዓመቴ ነበር። የጣልያን መኪና በአባቴ ሱቅ ፊት ነበር የሚያልፈው። ይመኙሻል ‹አንቺ ቅልብልቦሽ ተጫወቺ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ኪስሽ ክተቺ› አለችኝ። ማታ እንቁላል ልገዛ መስዬ እሄድና ጠጠሩን ቅርጫቷ ውስጥ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ሠላሳ አንድ ጠጠር ሆኖ ኪሴ ተቀደደ። ፅጌ የመኮንኖቹን ልብስ ታጥብ ነበር፤ ኪስ ውስጥ ያገኘችውን ወረቀት ታመጣለች። በቀለ ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ በበቅሎ ወደ ቆላ ይልካል፤ አርበኞቹ እዚያ ነበሩ። እኔ እነሱን አላውቃቸውም ማለት ነበረብኝ፤ እነሱም እኔን።

«ይመኙሻል ሦስታችንንም አንድ ቃል አስጠናችን። ‹ብያዝና ብትጠየቁ ስደቡኝ› አለች። አራቱን አረፍተ ነገር በየማታው ታስደግመኝ ነበር። ‹እሳት ይብላት› ሲባል እምቢ አልኩ፤ አለቀስኩ። ጆሮዬን ቆንጥጣ አስባለችኝ። ‹አባቴ ዓሊ ይሙት› አስብላ አስማለችኝ። ‹ጣልያን ሄደ ቢሏችሁም እንዳትናገሩ፤ ምሕረት አለ ብለው የወጡትን ሰቅለዋል። እኔ ራሴ በቃ ስላችሁ ብቻ› አለች። በቃ ሳትለን ሞተች። ጣልያንም ሄደ። ሰው ሁሉ ሲዘፍን አባቴን ‹አሁን ልናገር?› አልኩት። ‹ይሙት ብለሽ የማልሽው በኔ ነው› አለኝ። ፈራሁ። አባቴ ሌላ ሃያ ዓመት ኖረ፤ እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ራሱ ነው የሚለው።»

ሲጨርሱ ደከማቸው። «ልጁ ዶሮዎቹን ይወድ ነበር፤ ከጫጩቶቹ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይተኛ ነበር» አሉ። ይህ ምስክርነት መሆን አለመሆኑን ስላላወቅሁ እኔም ጻፍኩት።

ከታች በዓረብኛ ፈርመዋል። ጃዕፈር ደግሞ «ወረቀት ያለ ማኅተም ምንድነው» ብሎ የሱቁን ማኅተም አትሞበታል። ተው ብለው አልሰማኝም። ይህንን በእጅ የምታደርስልዎ ምህረት የምትባል እዚህ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ለዕረፍት እየገባች ነው።

ዮናስ


ጓሳ በር፣ ሰኔ 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮናስ፤

ዕድሜህ ይርዘም፤ ደጅህን የሚያንኳኳ ሁሉ በደግ ይምጣ። አሚናን ጤናዋን ጠይቅልኝ። የቁጣዋን መልስ ለብቻው ጽፌያለሁ፤ አንብብላት።

የሆነውን በተራ ልጻፍልህ። ወረቀቱን መስከረም ላይ ለኮሚቴው አቀረብኩ። የማር ሱቅ ማኅተሙ ብቻ አንድ ስብሰባ ፈጀ። ሌላ ስብሰባ በዓረብኛው ፊርማ አለቀ፤ የመስጊዱ ሼህ መጥተው አነበቡላቸው። ሌላው የኮሚቴ አባል «ዓረብ እንዴት የኛ አርበኛ ትሆናለች?» አለ። የመለሰለት ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጌትነት ነው። «ስምንት ዓመቷ ነበር። መኪናውን ስትቆጥር ዜግነቷን ጣልያንም አልጠየቃት» አለው። እስከዚያ ድረስ ጌትነት አፉን አልከፈተም ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አያቴ በመዝገብ ላይ ዋሽታለች ነው የምትለኝ?» አለኝ። «አያትህ ቃሏን ጠብቃለች ነው የምልህ፤ የጠበቀችው በኔ ላይ ነው እንጂ» አልኩት።

መጽሐፉ ግንቦት ላይ ታተመ። እናቴ በመጀመሪያው ምዕራፍ በተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ናት። ፅጌ ሃያ፣ በቀለ ሃያ አንድ፣ አሚና ዓሊ ሃያ ሁለት። የመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ ከሦስት በኋላ አምስት ነው የሚመጣው፤ ቁጥሩን ማስተካከል ረስተዋል። ጌትነት ይቅርታ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ባለፈው እሁድ ጌትነት ቤቴ መጣ። ሊዲያን አስወጥቶ በሩን ዘጋና ጆሮዬ ሥር ተቀመጠ።

«አያቴ ልትሞት ስትል» አለኝ «ሦስት ቀን ሙሉ ጨው፣ ጨው ትል ነበር። ያማራት መስሎን እናቴ ጨው በጥጥ አርሳ ምላሷ ላይ አደረገችላት። አያቴ ተፋችው፤ ደግማ ጨው አለች። እንደገና ቀባናት። እንዲህ እያደረግናት ሞተች።»

ይበልጥ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ሳትፈታ ነው የሞተችው ጋሽ ዘሪሁን። አሚናን ፈታሃት። አያቴንም ፍታልኝ።»

ዮናስ፣ ያንን ሰውዬ አምስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። አያቱን ደግሞ ከልጅነቴ አውቃታለሁ። በመንገድ ስታየኝ ፊቷን ወደ አጥር ታዞር ነበር። ሌሎች ልጆች «የባንዳ ልጅ» ብለው ድንጋይ ሲወረውሩብኝ በሯ ላይ ቆማ ታያለች፤ አንድ ቀን ተዉት አላለችም። ዕድሜ ልኬን ንቃኝ ነው ስል ኖርኩ። አሁን ልታየኝ አቅቷት እንደነበር ይገባኛል። ቢገባኝም ድንጋዩ ግን ድንጋይ ነው።

ማክሰኞ ወደ መቃብሯ ወሰደኝ። ቆምኩ። አፌ አልከፈት አለኝ። ጌትነት ባርኔጣውን አውልቆ ይጠብቃል። «ነገ» ብዬው ተመለስኩ። ረቡዕም ሄድን፤ ረቡዕም «ነገ» አልኩት። እንዳያጉረመርም አምስት ዓመት እኔን «ነገ» ሲለኝ የኖረ ነው፤ ስለዚህ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ።

ሐሙስ ዕለት «ወይዘሮ ፅጌ፣ እናቴ የገዘተችሽን እኔ ልጇ ፈትቼሻለሁ» አልኩ። ጌትነት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

ፈትቻታለሁ። ይቅር ያልኳት ግን ገና አይደለም። እሱን ለብቻዬ እየሄድኩ እጨርሰዋለሁ።

አጎትህ ዘሪሁን፣ የይመኙሻል ልጅ